ቤት ጠርጎ የሄደ ሌባ

የማደያውን መጋዘን በር በጠዋት የከፈተው ኃላፊው ጎሳዬ ነበር። ከፍቶ አየ። መልሶ ዘጋውና እንደገና ከፈተው። ትናንት ሲዘጋው እስከ ደጃፉ በነዳጅ በርሜል ተሞልቶ የነበረው ቆርቆሮ ቤት ባዶ ሆኗል።

የጂንካ ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ወርቅነህ ሲደርስ ግማሹ የከተማው ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሰዉን አስቀርቶ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ፣ ብቻውን ገባ።

መጀመሪያ የገረመው ሽታው ነው። እዚህ ቤት ገብቶ ራሱን ሳያመው ወጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ሽታው ቀንሷል። ጎንበስ አለ። ለዓመታት ነዳጅ ሲንጠባጠብበት የጠቆረው አፈር ተፍቆ ወጥቷል። በምትኩ የወንዝ አሸዋ ተበትኗል። የእጅ ፓምፑ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጎማው ተጠቅልሎ ከሥሩ ተቀምጧል። ለሌባ የሚመቸው ዕቃ ሁሉ አለ፤ የሌለው ለሌባ የሚከብደው ነው።

ጥጉ ላይ፣ ከአሸዋው መሀል፣ አንድ አረንጓዴ ጭረት አነሳ። የእንሰት ቅጠል ነው፤ ከባድ ነገር ሄዶበት ተጨፍልቋል።

“ምን አገኘህ?” አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሸዋንግዛው ከበሩ።

“ቤት ጠርጎ የሄደ ሌባ።”

“ቀልድ ነው?”

“ቀልድ ቢሆን በወደድኩ። ይህን በር ምንድን ነው የሚዘጋው?”

“ሽቦ ነው የምናስረው፣” አለ ጎሳዬ። “ቁልፉ ዘበኛው ነው።”

ዘበኛው፣ ጋሽ ወንድይፍራው፣ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች መሀል ቆሟል። ጠጉሩ የሸበተ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ማንንም አያይም።

“ይህ ተራ ስርቆት አይደለም፣” አለ ሸዋንግዛው። “የክትባት ዘመቻው ነዳጅ፣ የትራክተሩ ነዳጅ፣ የናንተ የፖሊሶቹ ነዳጅ እዚህ ነበር። ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው። ለአርባ ምንጭ በሬዲዮ አስነግሬያለሁ። ሰኞ መኪና ልከው ይወስዱታል።”

“ምርመራው እኮ ገና አልተጀመረም፣ ጓድ ሸዋንግዛው።”

“እስከ ሰኞ ጨርሰዋ።”

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። በዚያ በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በአሻጥር ተከሶ ወደ አርባ ምንጭ የተላከ ሰው፣ ቤተሰቡ ስንቅ የሚያቀብልበትን በር እንኳ አያገኝም ነበር። ወርቅነህ ይህን ያውቃል። ሸዋንግዛውም ያውቃል። ወንድይፍራው እጁ እንደታሰረ መሬት መሬቱን ያያል።

ወርቅነህ ጫማውን አጥልቆ ግቢውን ዞረ። ማታውን ካፊያ ጥሏል፤ መሬቱ ርጥብ ነው። የመኪና ጎማ ያለፈበት ምልክት የለም። ከግቢው ቀጥሎ ያለው ሣር የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የከተማው ከብት ይግጥበታል። ከብቱ በጠዋት ተሰማርቷል። በሣሩ ላይ ማታ ምን ቢያልፍበት፣ አሁን የሚነበበው የላም ኮቴ ብቻ ነው።

*

“ጋሽ ወንድይፍራው፣ ትናንት አመሻሽ የት ነበሩ?”

“ሥራ ገባሁ። ከዚያ ሄድኩ።”

“ወዴት?”

“በሜዳው ርዝመት ቁልቁል፣ እስከ ታችኛው ጫፍ። እዚያ ተቀመጥኩ።”

“ለምን?”

“ነፋስ ለመቀበል።”

“በካፊያ?”

ወርቅነህ የእጁን ገመድ እንዲፈቱለት አዝዞ ነበር፤ ሽማግሌው የተፈታውን እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያየዋል።

“ሲመለሱስ?”

“ሽቦው እንደታሰረ ነው። ውስጥ አላየሁም። ደጁ ላይ አደርኩ።”

“ማን እንዲሄዱ ነገርዎት?”

“ማንም።”

“ሰኞ የት እንደሚወስዱዎት ተነግሮዎታል?”

“ተነግሮኛል።”

“እንዲህ ከሆነ የሚያውቁትን ቢነግሩኝ ይሻላል።”

“ልጄ፣ ጥፋቴን ጻፍ። ዘበኛ ነኝ፤ ከጥበቃዬ ተነሥቻለሁ። ይኼ የኔ ነው፤ ሰጥቼሃለሁ። ሌላው የኔ አይደለም።”

ወርቅነህ ብዙ ሰው መርምሯል። የሚዋሽ ሰው ብዙ ያወራል፤ የሚፈራ ሰው ውኃ ይጠይቃል። ይህ ሰው ሁለቱንም አላደረገም። የሚጠብቀው ነገር አለ፤ የሚጠብቀው ግን ራሱን አይመስልም።

*

ጎሳዬ ቢሮው ውስጥ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ተቀበለው።

“እኔን ነው የጠረጠርከው?”

“ገና ተራህ አልደረሰም። ይህ መጋዘን ከክሊኒኩ ማዋለጃ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የቆመው?”

“በአንድ። ግን ስማ፣ እኛ ቀድመን ነው የነበርነው። ማደያው ሲተከል እዚህ ቁጥቋጦ ነበር። ክሊኒኩ ማዋለጃ ክፍል ጨመረና መጥቶ ተለጠፈብን።”

“ሌላ ቦታ ጠፍቶ?”

ጎሳዬ በሩን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ቦታማ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ናቸው። ከአውሮፕላን የሚወርድ ባለሥልጣን መጀመሪያ የሚያየው አዲሱ ማዋለጃ እንዲሆን ፈልገው ነው። ግድግዳም ተቆጠበ፤ አንዱ የኛ ነዋ።”

“የሚቆጣጠር የለም?”

“ከአርባ ምንጭ አንድ ባለ ሜትር መጥቶ ነበር። በማደያና በሕዝብ ቤት መሀል ሊኖር የሚገባውን ርቀት ሊለካ። ሜትሩን አውጥቶ ቆመ። የሚዘረጋበት ቦታ አጣ። ሣቀና መልሶ ኪሱ ከተተው። ‘ከሁለት አንዳችሁ ትነሣላችሁ’ ብሎ ሄደ።”

“ማን ተነሣ?”

“ማንም። ማዋለጃውን ሊቀ መንበሩ አይነኩም፣ እኔም ያለ ደብዳቤ በርሜል አላነሣም።” ጎሳዬ መሐረቡን አጠፈ። “ሌባ ከፈለግህ ሹፌሩን ተፈሪን ጠይቅ። ሰኞ በርሜል ጭኖ ወደ ቀይ አፈር ሲሄድ ታይቷል።”

“የስርቆቱ ምሽት ማክሰኞ አይደለም እንዴ?”

“ማን ያውቃል? ምናልባት ቀስ በቀስ ይሆናል የተጫነው።”

ወርቅነህ ሲወጣ በማደያው ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኳ። ማክሰኞ አመሻሽ ምን ሰማችሁ? ምንም። ውሻ አልጮኸም? አልጮኸም። ሰው አላለፈም? አላለፈም። የክሊኒኩ ሠራተኞችም ምንም። አንድ ቤት ምንም ባይሰማ ያጋጥማል። ሰፈሩ በሙሉ ምንም ካልሰማ ግን ሰፈሩ አንድ ነገር ሰምቷል።

*

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። የፖሊሱ ላንድሮቨር ነዳጅ ስለሌለው ወርቅነህ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ካኮን አልፎ፣ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ተፈሪን ከአይሱዙው ሥር ተኝቶ አገኘው፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

“ውጣ እስቲ፣ ተፈሪ።”

“ማነው?”

“ፖሊስ።”

እግሩ መንቀሳቀስ አቆመ። “ከዚህ ሆኜ ብመልስስ?”

ሲወጣ ፊቱ በግራሶ ተለውሷል። ወርቅነህ መኪናው ላይ ያሉትን በርሜሎች አመለከተው። ተፈሪ ተነፈሰ፣ ወጥቶ የአንዱን ክዳን ፈታ፣ ጣቱን ነክሮ ዘረጋለት።

“ቅመስ።”

“ነዳጅ አልቀምስም።”

“ቅመስ ነው የምልህ፣ መቶ አለቃ።”

ማር ነበር። የአሪ ማር፣ ጥቁር ቡኒ፣ ሰሙ ያልወጣለት።

“ፈቃድ የለኝም፣” አለ ተፈሪ። “እሰረኝ። ግን የማር ሌባ ብለህ እሰረኝ፤ የነዳጅ ሌባ ስትለኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ሙሉ በርሜል በምን እንደሚጫን ታውቃለህ? ሳንቃ ይፈልጋል፣ ገመድ ይፈልጋል፣ ጉልበተኞች ይፈልጋል። ስድቡ ደግሞ እስከ ካኮ ይሰማል። ማነው ያን ሁሉ በርሜል በጸጥታ ጭኖ የሚሄድ?”

“ጎማም አላየሁም፣” አለ ወርቅነህ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

“እንግዲህ መኪና የሌለው፣ ሰው የሞላው ነዋ።” ተፈሪ ጣቱን ላሰ። “እውነቱን ልንገርህ፤ መሄዳቸው ደስ ብሎኛል። ባለፈው ያራገፍኳቸው እኔ ነኝ። የማዋለጃው መርፌ መቀቀያ ከሰል ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ በርሜሉ ከግድግዳው ወዲህ። ባራገፍኩ ማግስት ፍንጣሪ በቀዳዳ ገብቶ በርሜሎቹ የለበሱት ሸራ ተያያዘ። ምጥ ላይ ያለች ሴት በአንሶላ ተሸክመው ሲያወጡ አይቻለሁ። የክሊኒኩ ነርስ አየለች ናት በእጇ ጨፍልቃ ያጠፋችው። እኔ፣ እውነቴን ነው፣ ሮጬ ነበር።”

“ይህን ለማን አመለከተች?”

“ለሁሉም። ጎሳዬ ‘ደብዳቤ’ አላት። ሸዋንግዛው ‘ሽብር አትንዢ’ አላት።”

ወርቅነህ ክዳኑን ራሱ ገጠመለት። “ፈቃድ አውጣ፣” አለው። “በዚህ ወር ውስጥ።”

*

ዓርብ የወንድይፍራው ሚስት፣ እትዬ ተዋበች፣ የእስረኛውን ምሳ ይዛ መጣች። ምግቡን አስፈትሻ ካስገባች በኋላ አልሄደችም። ከግንቡ ጋር ተደግፋ ቆመች።

“እሱ አልነገረህም አይደል?”

“አልነገረኝም።”

“አይነግርህም። እኔ ብነግርህስ፣ ትጽፈዋለህ?”

ወርቅነህ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ተዋበች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

“የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ አመሻሽ አመሻሽ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ይዘምራሉ። ሸዋንግዛው ጠርቶ ‘ዘበኛ ነህ፣ ዓይንህ ክፍት ነው፣ ሲሰበሰቡ ስም አምጣ’ አለው። እሱ ደግሞ፣ አንተ ልጅ፣ ማርያምን ስሞ የሚያድር ሰው ነው፤ የነሱ መንገድ መንገዱ አይደለም። ግን ጎረቤት ናቸው። ‘ሰው ሲጸልይ አይቼ እንዴት እከሳለሁ?’ አለኝ። መዋሸትም አይችልም። ስለዚህ ዝማሬ ሲሰማ ተነሥቶ ይሄዳል። ካላየ የሚያመጣው ስም የለም።”

“ማክሰኞ ዝማሬ ነበር?”

“ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እንዲያውም ብዙ ሰው ነበር።”

“ሰፈሩም ለዚህ ነዋ ምንም አልሰማሁም ያለኝ።”

“ምን ይበልህ? ጎረቤቱን ያሳስር?” ዓይኗ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። “እሱ አርባ ምንጭ ሊሄድ ነው። እነሱ ግን እስካሁን ቤቴ ደጃፍ አልረገጡም። ይህን ነው ያልገባኝ።”

ለወርቅነህም አልገባውም። ምስጢሩ ግን አሁን ጠበብ አለ። ብዙ ሰው፣ መኪና የሌለው፣ እየዘመረ። ዝማሬውን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ብዙ አልደከመም፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።

*

ዝማሬ አውጪው አባባ ቦሼ ከሜዳው ማዶ፣ የከተማው ቤት የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ በእንሰት የተከበበች ጎጆ አላቸው። ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወርቅነህ ሲገባ ደጃፉ ላይ የጎደሬ ልጣጭ ተከምሮ አየ። ለአንድ ሽማግሌ አይደለም፤ ለድግስ የሚሆን ክምር ነው። ከጎኑ ሦስት ትልልቅ ድስቶች ታጥበው ተደፍተዋል።

“እንግዳ ነበረዎት፣ አባባ?”

“ሰው ነበር።”

“ለቅሶ ነው? ሠርግ?”

“የለም።”

“ማክሰኞ ዘምራችኋል?”

“ዘምረናል። ጻፍ። እኔ ቦሼ ዘምሬያለሁ።”

“ጸሎት ነበር?”

ሽማግሌው የእንሰቱን ቅጠሎች አዩ። ታች ታቹ ተቆርጦ ግንዱ ራቁቱን ቆሟል። ወርቅነህም አየው። ከእንሰቱ ኋላ አዲስ አፈር የወጣ ይመስላል፤ ወደዚያ አልሄደም። ከሄደና ካየ፣ ማየቱን መጻፍ ይኖርበታል።

“ልጄ፣” አሉ ቦሼ፣ “የኔ አፍ አሁን ዝግ ነው። የሚናገር ሰው አለ። ወደ ሃና ቆላ ሄዷል። ሲመጣ ራሱ ይናገራል። እንዲህ ነው የኛ ወግ።”

“መቼ ይመጣል?”

“ክትባቱ ሲያልቅ።”

“ያኔ ወንድይፍራውን አታገኙትም።”

ቦሼ ቀና አሉ። “ወንድይፍራው? እሱ ሥራ ጥሎ ስለሄደ ነው የታሰረው። ሰው እንዲህ አለኝ። ጥቂት ቀን፣ ከዚያ ይወጣል።”

“ሰኞ ወደ አርባ ምንጭ ይወስዱታል። በአሻጥር ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደሚያደርሱት እኔም አላውቅም።”

ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ።

“ሂድ፣ ወደ ሃና ሂድና አምጣት፣” አሉ በመጨረሻ።

“በምን ልሂድ? መኪናዬ ደርቋል። ነዳጁን እኮ ወስደውብኛል፣ አባባ።”

ቦሼ ፊታቸውን ወደ እንሰቱ አዞሩ። ወርቅነህ ተሰናብቶ ወጣ።

ቅዳሜ በማለዳ የፖሊስ ጣቢያውን በር ሲከፍት አንድ ጀሪካን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘ። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ክዳኑን ፈትቶ አሸተተ። የሚፈልገው ነዳጅ በሁለት እግሩ መጥቶለታል። ለአንድ አፍታ ሣቁ መጣበት፤ ቀጥሎ ሰኞን አሰበ፤ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ላንድሮቨሩ ሄደ።

*

የሃና መንገድ ወደ ማጎ ቆላ ይወርዳል። ሙቀቱ ከፍ፣ ዛፉ አነስ እያለ ይሄዳል። ወርቅነህ ሲደርስ ሴቶች ሕፃን አዝለው ከአንድ ሾላ ሥር ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መጨረሻ አጭር፣ ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት መርፌ ትወጋለች። ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

“አየለች?”

“ሰልፉ ከዚያ ነው፣” አለች ቀና ሳትል። ከዚያ ደንብ ልብሱን አየችና መርፌውን አስቀመጠች። “በርሜሎቹ ናቸው?”

“በርሜሎቹ ናቸው።”

“ለጎሳዬ ራሴ ልነግረው ነበር። የዘመቻው መኪና ካሰብነው ቀድሞ በማለዳ ወሰደን። ስመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ምን አለ? ተናደደ?”

“ወንድይፍራው ታስሯል።”

እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ ፋሻው ያለበት እጅ ነው፤ ሕመሙ ፊቷን አኮማተረው። ወርቅነህ ሰኞ የሚሆነውን ነገራት። ሾላው ሥር ተቀመጠች።

“ደቦው የኔ ነው፣” አለች።

“ንገሪኝ።”

“ሸራው የተቃጠለ ቀን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ መነሣት አትችልም። ጎሳዬን ለመንኩ፣ ሊቀ መንበሩን ለመንኩ። ወደ ሃና ልሂድና እነዚያን ሴቶች ከበርሜል ጋር ትቻቸው ልምጣ? አልቻልኩም። ደቦ ጠራሁ። እርሻ ሲከብድህ፣ ቤት ስትሠራ ደቦ ትጠራለህ አይደል? ሰው መጣ። የወለደችም፣ ያልወለደችም፣ ባሏም። ቅጠል እያነጠፍን በርሜሎቹን አንከባለልናቸው። አፈሩንም ፍቀን አወጣን፣ የሚቀጣጠለው እሱም ነውና። አባባ ቦሼ ጓሮ አስቀመጥናቸው። ከዚያ አበላኋቸው። ያለኝ ጎደሬና ቆጮ ነው።”

“ዝማሬውስ?”

“ያለ ዘፈን በርሜል ይሄዳል እንዴ?” ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። “ሌላው በደቦ ቦርዴ እየጠጣ ይዘፍናል። እኛ አንጠጣም። የምናውቀው መዝሙር ነው፤ በእሱ ገፋን።”

“ከሄድሽ በኋላ ለምን ማንም አልተናገረም?”

“በደቦ የተሠራ ሥራ የጠሪው ነው። የመጣ ሰው ጉልበቱን ነው የሰጠው፤ በሥራው ላይ አፍ የለውም። ከኔ ቀድሞ ቢናገር እኔን አሳልፎ መስጠት ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልናገርም ነበር።” ቆም አለች። “ደግሞም ጋሽ ወንድይፍራው የሚያውቁ መስሎን ነው። ገና ማዋለጃው ደጅ ተሰብስበን ዝማሬ ስንጀምር ተነሥተው ሲሄዱ አየናቸው። ‘አይተው እንዳላዩ ሆኑልን፣ እግዜር ይስጣቸው’ ተባባልን።”

“እሱ አላየም፣” አለ ወርቅነህ። “ጸሎት መስሎት ነው የሄደ። ስማችሁን ላለማምጣት።”

አየለች ተነሣች። ቀሪዎቹን ሕፃናት ከትባ ስትጨርስ ጋወኗን አጥፋ ላንድሮቨሩ ላይ ወጣች።

*

ሰኞ ጠዋት ወርቅነህ ሸዋንግዛውንና ጎሳዬን ይዞ ቦሼ ጓሮ ገባ። ጴንጤ ያልሆነውም ጎረቤት መጥቶ ከእንሰቱ ዳር ቆሟል።

በርሜሎቹ ከእንሰቱ ኋላ፣ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ግንድ ላይ ተጋድመዋል። በዙሪያቸው ቦይ ወጥቷል። ላያቸው በቅጠል ተሸፍኖ ጥላ ሆኗል። ጎሳዬ ክዳናቸውን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ።

“ሁሉም ሙሉ ነው። ከአንዱ ጀሪካን የሚያህል ጎድሏል።”

“እሱ በእኔ ነው፣” አለ ወርቅነህ።

“ማነው ይህን ያደረገ?” አለ ሸዋንግዛው።

“እኔ፣” አለች አየለች። “ደቦው የኔ ነው።”

“ሕገ ወጥ ስብሰባ። የመንግሥት ሀብት ዝርፊያ። በወንድይፍራው ላይ አንቺ ተጨመርሽ ማለት ነው፤ መኪናው ሁለታችሁንም ይወስዳል።”

“እኔም መኪና ላይ አለሁ፣” አሉ ቦሼ። ከኋላቸው አንዲት ሴት “እኔም” አለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ሌላዋም አለች። ሸዋንግዛው ዞሮ አያቸው። አርባ ምንጭ የምትልከው አንድ ላንድክሩዘር ነው።

“ጓድ ሸዋንግዛው፣” አለ ወርቅነህ፣ “የተሰረቀ ነገር የለም። ስለዚህ የሚቀረው በርሜሎቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ማዘዝ ነው። ወረቀት ይዣለሁ። ‘በእኔ ትእዛዝ ከማዋለጃው ግድግዳ ሥር ይመለሱ’ በልና ፈርም። ባለ ሜትሩ ያለውንም ሁላችንም ሰምተናል፤ እሱንም እንጨምርበታለን።”

ሸዋንግዛው ወረቀቱን ተቀበለ። አነበበው። እስክሪብቶውንም ተቀበለ። ከዚያ በሜዳው ላይ አሻግሮ ማዋለጃውን አየ። ምን እንዳየ ማንም አያውቅም። ቆርቆሮው ነው፣ ወይም በደጁ የተቀመጡት ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ናቸው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆመ።

“ማን ያንከባልላቸዋል?” አለ።

“አንተ ደቦ ጥራ፣” አሉ ቦሼ። አላላገጡም፤ እንደ ምክር ነው የተናገሩት።

ማንም አልሣቀም። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሸዋንግዛው እስክሪብቶውን መለሰ።

“ሌላም መጻፍ ይቻላል፣” አለ ወርቅነህ በለሰለሰ ድምፅ። “የቀበሌው ሕዝብ በሊቀ መንበሩ አስተባባሪነት፣ ለእናቶች ደኅንነት ሲባል፣ ነዳጁን በጉልበቱ አዛወረ። ዘበኛው ቦታ የለቀቀው የማዛወሩ ሥራ ስለነበረ ነው። ይህ ለአውራጃ ሪፖርትም ይሆናል።”

ሸዋንግዛው አንገቱን ወደ ወረቀቱ አሰገገ። “በጉልበቱ ከሚለው በፊት ‘በንቃት’ የሚል ይግባበት፣” አለ።

ወርቅነህ አስገባው። ጎሳዬም ፈረመ፤ የሚፈልገው ደብዳቤ መጣለት። ሸዋንግዛውም ክሱ መቅረቱን ለአርባ ምንጭ በሬዲዮ አስነገረ።

*

ወንድይፍራው እኩለ ቀን ሳይሆን ተፈታ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ዘበኛ የሚጠብቀው ነገር ባለበት ነው ብሎ ሜዳውን አቋርጦ ቦሼ ጓሮ ደረሰና ከጉድጓዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አየለች ከፊቱ ቆመች። ምን እንደምትል ከሃና መንገድ ጀምሮ ስታስብ ቆይታለች፤ ሁሉም ጠፋት።

“ጋሽ ወንድይፍራው፣ አውቀው የሄዱ መስሎን ነበር።”

“እኔ ደግሞ ጸሎት መስሎኝ ነበር።” ጢሙን ዳሰሰ። “ለሰው ጸሎት ነው የታሰርኩት እያልኩ ልቤን ሳጽናና ከረምኩ። ለበርሜል መሆኑን ባውቅ አልችለውም ነበር።”

ሣቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ሽማግሌው ተጠግቶ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት። ተቀመጠች። ላሞቹ ከፊታቸው ይግጣሉ።

“አንድ ነገር ግን ጎደለብኝ፣” አለ ወንድይፍራው። “እዚያ ግድግዳው አንድ ስለነበር ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ሲያለቅስ አማትባለሁ። እዚህ ምንም አይሰማም።”

አየለች ወደ ማዋለጃው ዞራ አየች። ከሜዳው ማዶ በጣም ትንሽ ሆኖ ይታያል።

“አይሰማም፣” አለች። “ለዚህ ነው ያመጣናቸው።”

ወንድይፍራው ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መሀል ተዋበች በማዋለጃው በኩል ዞራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሜዳውን አቋርጣ ስትመጣ አዩ። ባሏን ከታሰረ ወዲህ ከግንብ ውጪ ያየችው አሁን ነው። አጠገቡ ደርሳ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ እጁን ያዘች።

“ሴት ናት፣” አለችው። “አሁን ተወለደች።”